መቁያው የቆመበት ቀን

ያን ጊዜ ቆሞ ያየሁት ማሽን ሁሉ እንደ ስድብ ያመኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የተወለድሁት መርጡለ ማርያም አካባቢ ነው፤ የተማርሁትም የተቀጠርሁትም ደብረ ማርቆስ። ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የሕፃናት አልሚ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ዕቅድና የክምችት ቁጥጥር ነበር። ስሙ ሲጠራ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ስንዴ፣ ሽምብራና አኩሪ አተር በአንድ በር ይገባሉ፤ ይጣራሉ፣ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ ታሽገው በሌላ በር ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል በቀን ስንት ጆንያ እንደሚሠራ የምወስነው እኔ ነኝ። ከአንዱ ክፍል የወጣው ቀጣዩ ክፍል እስኪቀበለው ድረስ የት እንደሚቆይ የምወስነውም እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ግቢው መግቢያ ላይ በተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ሰውም ማሽንም በዚያ ቁጥር ይውላል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ሠራተኞቹ በዚህ ይስቁ ነበር። «ስም አውጪዋ ሳታያት ነው ያወጣችላት» ይሉ ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። ቁጭ ብዬ ምሳ በልቼ አላውቅም፤ ዳቦዬን ይዤ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ስልክ ሳወራ እዞራለሁ። ቅዳሴ እስኪያልቅ እንኳ ሦስት ጊዜ ቦታ እቀይራለሁ። አንድ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ካየሁ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀስብኛል። በተቀጠርሁ በስድስተኛው ወር በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍሁ፦ «ከዕቅድ ክፍል ፊርማ ውጭ ማንኛውንም ማሽን ማቆም ክልክል ነው።» ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቃደ ወረቀቱን አይተው ጎበዝ አሉኝ። እኔም ጎበዝ የሆንሁ መሰለኝ።

በመቁያውና በወፍጮው መሃል ዝቅ ያለ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቤት አለ። የመሃል መጋዘን እንለዋለን። የተቆላው እህል በጆንያ ሆኖ እዚያ ይከመራል፤ ወፍጮው ሲፈልግ ከዚያ ይወስዳል። የመጋዘኑ ሰው አያ ካሴ ነበሩ። ሃምሳውን አልፈዋል፤ የዲማ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ የወጡ። እሳቸው የከመሩት ክምር እንደ ግንብ ነበር። አንዱን ድርብ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያደረጉ ያስተሳስሩታል። ሌላ ሰው የከመረው ሲያጋድል የእሳቸው ውልፍት አይልም።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ካሉን ሁለት ወፍጮዎች የአንዱ ኩሽኔታ ተሰበረ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ የወፍጮ ክፍሉ በግማሽ ጉልበቱ ይሠራል ማለት ነው። ወፍጮው ግማሽ ከሆነ መቁያውም ግማሽ ሊሆን ይገባዋል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ቧንቧው ጠቦ ከላይ ያለውን ውኃ የሚለቅ ሰው የለም። እኔ ግን መቁያውን አልቀነስሁም። ትልቅ ትእዛዝ ነበረብን። ወፍጮው የተጠገነ ዕለት ብዙ የተቆላ እህል ካለኝ በአንድ ጊዜ እፈጫለሁ፣ የጠፋውን ጊዜ እመልሳለሁ ብዬ አሰብሁ። ሌላም ምክንያት ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገርሁም። በየወሩ መጨረሻ ማሽኖች ስንት ሰዓት እንደሠሩ የሚያሳይ ሪፖርት አቀርባለሁ፤ የመቁያው መስመር ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። እንዲቆሽሽብኝ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ሰኞም ማክሰኞም ሰሌዳው ላይ የመቁያውን ሙሉ ቁጥር ጻፍሁ። መቁያው ከሚልከው ወፍጮው የሚውጠው ግማሹን ነው። ግማሹ መሃል ላይ ይቀራል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አያ ካሴ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መጋዘኑ ጠግቧል» አሉኝ።

«ስንት ድርብ ደረሰ?»

«አሥራ ሁለት። እኔ ከዚህ በላይ ከምሬ አላውቅም። ዛሬ የመጣው ደግሞ ትኩሱን ነው፤ ሳይበርድ ነው ጆንያ ውስጥ የሚገባ። ይለሰልሳል፣ አይያያዝልኝም። መቁያውን አንድ ቀን ብታቆሚልኝ?»

ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። «አያ ካሴ፣ ጣሪያው ገና ነው እኮ። ወደ ላይ ይሂዱ።»

«ጣሪያውስ ገና ነው» አሉና ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ አንድ ነገር ተናግረው ፋብሪካውን ሁሉ አስቀውት ነበር። «እንዴት ዋልህ አያ ካሴ?» ሲሏቸው፣ «ምን እባክህ፣ የደጋ ሰው ሁኜ ቆላ ጨረሰኝ» ብለው። የዲማ ደገኛ ወባ አገር ወርዶ እንዳለቀ ይመስላል፤ ወዲህ ደግሞ ሲቆላ የሚውለው መቁያ ነው። ወሬው እኔም ዘንድ ደረሰ። ሳቅሁ። ቆላን በሁለቱም ወገን ፈታሁት። «ጨረሰኝ» ያሉትን ግን ቆም ብዬ አላየሁትም።

ረቡዕ ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ሰሌዳው ላይም ያው ሙሉ ቁጥር ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ደብተሬን ይዤ ለቆጠራ ወደ መሃል መጋዘን ሄድሁ። ስገባ የመጀመሪያው ነገር ጨለማው ነው። ክምሩ መስኮቱን በግማሽ ሸፍኖታል። ሽቅብ ሳይ የላይኛው ድርብ የጣሪያውን ማገር ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። አሥራ ስምንት ቆጠርሁ። በጎን ግድግዳውና በክምሩ መካከል ያለው መተላለፊያ ደግሞ የአንድ ሰው ትከሻ የማያሳልፍ ሆኗል። ይህን ሁሉ አየሁ። ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሩ አጠገብ ለወፍጮው በተዘጋጁት ጆንያዎች ላይ የተንጠለጠለው የመቆያ ቀን ምልክት የማክሰኞ ነበር።

«አያ ካሴ፣ ይህ የማክሰኞ ነው። የቅዳሜው የት አለ?»

«ከኋላ ነው፣ ከጀርባው ግድግዳ ሥር። መግቢያው ጠበበ። ፊቱን እየቀነስሁ ልድረስበት ብዬ ነው።»

«ፊት ፊቱን ሲወስዱ የኋላው ይሻግታል! ቀድሞ የተቆላ ቀድሞ ይፈጫል ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርሁ? ሕፃናት ናቸው የሚበሉት።»

ያልሁት እውነት ነው። ግን አሁን ላይ ሆኜ ራሴን ስመረምር፣ በዚያች ደቂቃ አንድም ሕፃን ዓይኔ ላይ አልነበረም። የነበረው ያልገጠመ ወረቀት ነው።

«አሁኑኑ ልግባ ነው የምትይ?» አሉኝ።

«እባክዎ፣ ወፍጮው እየጠበቀ ነው» አልሁና የስልኬን ሰዓት አየሁ።

አያ ካሴ ክምሩን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ። ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀሉት፤ አማትበው፣ በጎናቸው ሆነው ገቡ።

የቅዳሜው ረድፍ አጭር ነበር፤ አሥር ድርብ ብቻ። ከፊቱ ያለው ረጅሙ የሰኞና የማክሰኞ ክምር ወደ እሱ ዘንበል ብሎ፣ እሱን ተደግፎ ነበር የቆመው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አያ ካሴ ከላይ አንድ ጆንያ አውርደው እየጎተቱ አመጡልኝ። ሁለተኛውን አመጡ። ሦስተኛውን ሊያመጡ ሲመለሱ እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት እያልሁ እጽፍ ነበር።

መጀመሪያ «ሽርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሆነ ቦታ እህል የሚፈስ ይመስላል። ቀና ስል የክምሩ አናት ከማገሩ ራቀ። በዝግታ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በጣም በዝግታ። ከዚያ የወደቀው ነገር በእግሬ መዳፍ በኩል ተሰማኝ። መብራቱ በአቧራ ጠፋ። አፌና ዓይኔ በተቆላ አኩሪ አተር አቧራ ተሞላ።

«አያ ካሴ!»

መልስ የለም።

«አያ ካሴ! ኧረ ሰው! ሰው ድረሱ!»

ከወፍጮም ከማሸጊያም ሰው እየሮጠ መጣ። ሁሉም የተገኘውን ጆንያ ይዞ መጎተት ጀመረ። አንዱ ከሥር መዝዞ ሲያወጣ ከላይ ያለው እንደገና ተናደና ሁለት ወንዶች ዘለው አመለጡ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔም እጎትታለሁ፤ ምን እንደምጎትት አላውቅም። በዚህ መካከል ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ፣ «ይኼን ወዴት ላድርገው?» አለ።

ዞር ስል የመቁያ ክፍሉ ሠራተኛ በእጅ ጋሪ ትኩስ ጆንያዎች ጭኖ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሌላ ጋሪ አለ። ከእሱ ኋላም ሌላ። በሩ ተዘግቷል።

መቁያው አልቆመም ነበር። ሰው ተቀብሮ እያለ ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት ቁጥር እየተፈጸመ ነው።

በጋሪዎቹ መካከል ተሽሎክልኬ ወጥቼ በዝናብ ውስጥ ሮጥሁ። የመቁያው ኃላፊ ደሳለኝ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ በማሽኑ ጩኸት ምክንያት ምንም አልሰማም።

«አቁመው!»

«ምን?»

«መቁያውን አቁመው!»

ደሳለኝ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋና መለስ አደረገው። «ወረቀቱስ?» አለኝ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ባለፈው ወር ያለ ፊርማ ለሩብ ሰዓት አቁሞ በሰው ፊት ተቆጥቼው፣ ማስጠንቀቂያ አጽፌበት ነበር። ያንን ያህል አሠልጥኜዋለሁ።

«አያ ካሴ ክምር ወድቆባቸዋል! በማርያም አቁመው!»

ቀዩን ቁልፍ መታው። ትልቁ በርሜል እያቃሰተ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሌሎቹም ክፍሎች ሰዉ ጥሏቸው ስለመጣ ዝም ብለው ነበር። ከተቀጠርሁ ወዲህ ያን ግቢ ዝም ብሎ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝናቡም ካፊያ ሆኗል። ወደ መጋዘኑ ስንመለስ በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ ቆሟል።

«ጧ… ጧ።»

እንጨት በእንጨት ሲመታ ነው። ከኋላ፣ ከግራው ጥግ። መቁያው እየጮኸ ሳለ ማንም ሊሰማው አይችልም ነበር።

ደሳለኝ በሆዱ ተኝቶ አፉን ወደ ጆንያዎቹ አስጠጋ። «አያ ካሴ! ይሰማዎታል?»

ድምፃቸው ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር። «አለሁ… ጥጉ ላይ መሰላል ነበረች፤ እሷ ይዛልኛለች። አትጎትቱ። በጎተታችሁ ቁጥር ይጫነኛል።»

«ከየት እንጀምር?»

ትንፋሽ ወስደው መለሱ። «በመስኮቱ ወገን ያለው እኔ ያሰርሁት ነው፤ አይሄድም። እሱ ላይ ወጥታችሁ ከላይ እያነሳችሁ አቀብሉ። ከሥር አንድም እንዳትመዙ።»

ከሥር ሆነው ያን ክምር ከእኔ ሰሌዳ በተሻለ ያውቁት ነበር።

አቶ ፈቃደ ከቢሮ ደርሰው ጆንያ ወደ ውጭ ሲወጣ አዩ። «ወዴት ነው የምታወጡት? ዝናብ ነው፣ ሁሉም ይበላሻል! እስቲ ሸራ…»

«ይበስብስ፣ አቶ ፈቃደ» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ኮታቸውን አውልቀው ጆንያ ለማቀበል ተሰለፉ።

ሰልፉ ከክምሩ አናት ጀምሮ በበሩ አልፎ እስከ ግቢው መሃል ተዘረጋ። ደሳለኝና ሌሎች ጠንካራ ወንዶች ላይ ወጥተው ያነሳሉ፣ ያቀብላሉ። የማሸጊያዎቹ ሴቶች ጆንያዎቹን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ግቢው ላይ ያደርሳሉ። ሁሉም ቸኩሏል። ከላይ ያሉት በኃይል ይወረውራሉ፤ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላሉ። ጥቂት ደቂቃ አልፎ ዘወር ስል በሩ ላይ ጆንያ እስከ ወገብ ተቆልሏል። ከውስጥ ያለው መውጣት አይችልም፣ ከውጭ ያለው መግባት አይችልም። ግቢው ላይ የቆሙት ሴቶች እጃቸው ባዶ ነው። ላይ ያሉት ግን አሁንም እየወረወሩ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ በቁጥር የሠራሁትን አሁን በሰው እጅ ተሠርቶ አየሁት። ላይ ያሉት በፈጠኑ ቁጥር አያ ካሴ እየራቁ ነው።

«ቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ።

ሰው ሁሉ እብድ እንደሚያይ አየኝ። ደሳለኝ ከክምሩ አናት ላይ ሆኖ ላቡን ጠረገ። «ምነው ትዕግሥት? ቁሙ ማለት ዛሬ ነው የምትማሪው?» አለኝ።

ውርደቱ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም። «በሩ ሳይጸዳ ማንም እንዳያነሳ! ከዚያ በኋላ አጠገባችሁ ያለው ሰው ባዶ እጁን ካልዘረጋላችሁ አትንኩ። ባዶ እጅ ስታዩ ብቻ አንድ አንሡ!»

ቆሙ። በሩ እስኪጸዳ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ሰው ሥር ተኝቶ፣ አሥራ አምስት ጎልማሳ እጁን አንጠልጥሎ ላይ ቆሟል። አንድ ወጣት መታገሥ አቅቶት ጆንያ ሊያነሳ ሲል አቶ ፈቃደ ክንዱን ያዙት። እኔም የገዛ እግሬን የያዝሁት በጭንቅ ነው፤ ወደ ክምሩ ሮጦ በጥርስ መንከስ ነበር የሚያሰኘኝ። በመጨረሻ ግቢው ጫፍ ያለችው ሴትዮ ጆንያዋን አስቀምጣ ዞረችና ባዶ እጇን ዘረጋች። ከእሷ ቀጥላ ያለችው አቀበለቻትና ዞራ እጇን ዘረጋች። ባዶው እጅ ከግቢው ተነሥቶ በበሩ ገብቶ፣ በእኔ በኩል አልፎ፣ ክምሩን ወጥቶ ደሳለኝ ዘንድ ደረሰ። ደሳለኝ አንድ ጆንያ አነሳ።

ከዚያ በኋላ አልቆመም። የሚቸኩል የለም፣ የሚጠብቅም የለም። ክምሩ እያየነው ዝቅ ይል ጀመር።

አያ ካሴ አልፎ አልፎ ያናግሩን ነበር። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«ስድስት ሰዓት አለፈ!» አላቸው ደሳለኝ።

«ደግ ነው፤ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ምሳ አይቀርብኝም።»

ሳቅን። እያለቀስን ሳቅን። ሰባት ሰዓት ላይ ደሳለኝ ሲጠራቸው ግን መልስ የለም። እንደገና ጠራ። የመሰላሏ ድምፅም የለም። ያኔ ሰልፉ ሊበተን ነበር፤ ሁሉም ወደ ላይ ሊወጣ አሰበ። «እጅ! ባዶ እጅ!» እያልሁ ጮኽሁ፤ ድምፄ ተዘጋ። የጆንያው ክር መዳፌን ልጦት ደም በየጆንያው ላይ እየተለጠፈ ያልፋል። የሚሰማው ትንፋሽና የጆንያ መንሸራተት ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደሳለኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «አገኘሁት» አለ። «እጁ ነው።»

በእህል አቧራ ግራጫ የሆነ እጅ ነበር። ደሳለኝ ያዘው። ጣቶቹ መልሰው ጨበጡት።

አያ ካሴን በሳንቃ ላይ አድርገን አወጣናቸው። መሰላሏ ተሰብራ ቀኝ እግራቸው ላይ ተጋድማ ነበር፤ እሷ ግን ደረታቸውን አትርፋለች። በፋብሪካው ፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳቸው ዝናብ እንዳይመታቸው ፊታቸው ላይ ላስቲክ ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። መንገድ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ወፍጮው… ቆመ እንዴ?» አሉኝ።

ሰው ከሞት አፍ ወጥቶ የሚጠይቀውን አስቡት። እኔ ነኝ ያን ጥያቄ አፋቸው ውስጥ ያስገባሁት።

እግራቸው ሁለት ቦታ፣ ጎድናቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ሆስፒታል ሲደርሱ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ። ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

«ቆሞ የሚውል የማትወጂው ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በይ እንግዲህ ዛሬ እንኳ ቁጭ በይ። ታዞሪኛለሽ።»

ተቀመጥሁ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ፈቃደ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተተየበ ሪፖርት ነበር። «ሠራተኛው የተለጠፈውን የጥንቃቄ ማስታወቂያ በመተላለፍ በገዛ ፈቃዱ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ በመግባቱ…» ይላል። እውነትም መጋዘኑ በር ላይ «ከክምር ሥር መቆም ክልክል ነው» የሚል አሮጌ ጽሑፍ አለ።

«ሲገባ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያላንቺ ፊርማ አይሆንም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጽሑፉ ሐሰት የለበትም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ገና ሕይወትሽ ነው። እሱን ፋብሪካው በራሱ መንገድ ይረዳዋል።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዝናብ ጆንያ ሲያቀብሉ አይቻቸዋለሁ። ሊያድኑኝ የፈለጉ ይመስለኛል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ከፋብሪካው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር፣ ከዚያም ተመልሼ በእግሬ ሄድሁ። ባጃጆች እየቆሙ «እንሂድ?» ይሉኛል፤ አልፌያቸው እሄዳለሁ። ሪፖርቱን በልቤ ስንቴ እንዳነበብሁት አላውቅም። እውነትም ሐሰት የለበትም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ በእጄ ጻፍሁ። «እንዲገቡ ያዘዝኋቸው እኔ ነኝ። መጋዘኑ መሙላቱን ሰኞ ነግረውኝ ነበር። ወፍጮው በግማሽ እየሠራ መቁያው በሙሉ እንዲሠራ የወሰንሁትም፣ ያለ ፊርማዬ እንዳይቆም የከለከልሁትም እኔ ነኝ።» ፈረምሁ።

አቶ ፈቃደ ቆመው አነበቡት። «ይህን ካስገባሁ አንቺን አላድንም» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልሁ።

ከዕቅድ ክፍል ተነሣሁ። ወይ ልቀቂ ወይ መሃል መጋዘን ግቢ ተባልሁ። መሃል መጋዘን ገባሁ። ያ ደብዳቤ ግን አያ ካሴ ላይ የደረሰው የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ፤ ሕክምናቸውም መብታቸውም በዚያ ተጠበቀ።

መጋዘኑ ውስጥ ከአንድ ዓመት ትንሽ ያነሰ ጊዜ ሠራሁ። ከደሳለኝ ጋር ሆነን ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ጆንያ የሚከመርባቸው ሣጥኖች ሣልን። ሣጥኖቹ ሲሞሉ መቁያው ይቆማል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። አንዱ ሣጥን ባዶ ሲሆን መቁያው እንደገና ይነሣል። ቁመቱም ከስምንት ድርብ አያልፍም። ሰው በመጀመሪያ አልወደደውም፤ እኔም ራሴ አልወደድሁትም። መቁያው ጸጥ ባለ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ እቆም ነበር። ግን አንድም ቀን ወፍጮው እህል አጥቶ አላየሁም። ደግሞ የሚሻግት እህል ቀረ። ኋላ ወደ ዕቅድ ክፍል ስመለስ ያን የፊርማ ወረቀት ከየግድግዳው በእጄ ላጥሁት።

አያ ካሴ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ወደ ፋብሪካው አልተመለሱም፤ ጓሯቸው ውስጥ ንብ ያንባሉ። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ስንጫወት ድንገት እንዲህ አሉኝ፦

«ያን ቀን ክምሩ እንደሚወድቅ አውቅ ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር። ለምን እንዳላልሁ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅሁም» አልኋቸው። ደንግጫለሁ። «ለምን ነበር?»

«ቸኩለሽ ነበር። በቸኮለ ሰው ፊት እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ መንገድ የዘጋህበት ይመስልሃል። ስለዚህ ሰው ሞቱን እያየ እሺ ይላል።»

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ በእጃችሁ የሰው ውሎ ያለ ሁሉ፤ አለቃም ሁኑ፣ መምህርም ሁኑ፣ እናትም ሁኑ። በዙሪያችሁ ያሉት ሰዎች ሁሉ እሺ የሚሏችሁ ከሆነ ደስ አይበላችሁ። አንድ ቀን ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ፊታቸውን እዩና እምቢ ሊሉ የፈለጉት ነገር እንዳለ ጠይቋቸው። መልሱ ቶሎ አይመጣም። ጠብቁት።